«ምድር ቤት ግን እንዳይሆን»፦ ብዙ ማጣሪያ ያለው የቤት ፍለጋ ከኮድ ሲሠራ

ሰኞ፣ ከሰዓት

ጓደኛዬ የሚከራዩ ቤቶችን በቴሌግራም ያስተዋውቃል። ማስታወቂያው ጥቂት ሺህ ደርሷል። ቤት ፈላጊው ስልኩን ወደ ላይ እየሳበ ሲያነብ ይውላል። ዓይኑ ሲደክም ጥሩውን ቤት ሳያይ ያልፈዋል። ለዚህ ነው መፈለጊያ የምሠራለት። መረጃው ኢላስቲክሰርች በሚባል የፍለጋ ሞተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ኩዌሪውን፣ ማለትም ለሞተሩ የሚላከውን የፍለጋ ጥያቄ፣ የሚያዘጋጀው ኮድ የተጻፈው በፓይተን ነው። የምሠራውን እግረ መንገዴን እዚህ እጽፋለሁ። ብዙ መስፈርት የሚያጣምር ፍለጋ የሚሠራ ሰው አብዛኛው ነገር ይገጥመዋል።

ኮድ ከመንካቴ በፊት ጓደኛዬን «ደንበኞችህ እንዴት ብለው ነው የሚጠይቁህ?» አልኩት። አንዲት ደንበኛ የላከችለትን መልእክት ፎርዋርድ አደረገልኝ፦

«ወንድሜ እንደምን አለህ። ቦሌ ወይ ለሚ ኩራ ሁለት መኝታ ፈልግልኝ። ከ25 ሺህ እንዳይበልጥ። የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ምድር ቤት ግን እንዳይሆን፣ እባክህ።»

ከዚህ የተሻለ የሥራ መግለጫ አላገኝም። በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። «ሁለት መኝታ» እና «ከ25 ሺህ እንዳይበልጥ» የግድ ናቸው። «ቦሌ ወይ ለሚ ኩራ» ምርጫ ነው፤ ግን ከሁለቱ አንዱ መሆኑ የግድ ነው። «ቢኖረው ደስ ይለኛል» ምኞት ነው፤ ከሌለውም ቤቱን አሳየኝ ማለት ነው። «እንዳይሆን» ደግሞ ክልከላ ነው።

ኢላስቲክሰርች የቆመው አፓቺ ሉሲን በተባለ የፍለጋ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ላይ ነው። ሉሲንን ዳግ ከቲንግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሶለርና ኦፕንሰርች የተባሉት ሌሎች የፍለጋ ሞተሮችም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ለሦስቱም ይሠራል፣ የሚለያየው አጻጻፉ ነው። በኢላስቲክሰርች መስፈርቶችን የሚያጣምረው ቡል ኩዌሪ ይባላል። አራት ክፍል አለው፤ ነጥብ የምለው ውጤቶቹ ከላይ ወደ ታች የሚደረደሩበትን ነው። ማስት፦ የግድ ይሟላ፣ ለነጥብም ይቆጠር። ፊልተር፦ የግድ ይሟላ፣ ለነጥብ ግን አይቆጠር። ሹድ፦ ቢሟላ ነጥብ ይጨምር። ማስት ኖት፦ ይህ ያለበት ይውጣ።

የሳምንቱ ሥራዬ የደንበኛዋን እያንዳንዱን ቃል በትክክለኛው ክፍል ማስቀመጥ ነው።

ሰኞ፣ ማታ

ፊልዶቹን (የማስታወቂያውን የመረጃ መስኮች) በአማርኛ ሰየምኳቸው፦ ክፍለ_ከተማ፣ ዓይነት፣ መኝታ፣ ኪራይ፣ ወለል፣ ቆጣሪ፣ ሁኔታ፣ መግለጫ። ኩዌሪው የሚጻፍበት ጄሰን የአማርኛ ፊደልን ስለሚቀበል (ዩቲኤፍ 8 ነው) ምንም አያስቸግርም። ኩዌሪውን ጓደኛዬም አይቶ ይረዳዋል።

ከማጣሪያው በፊት የፊልዱ ዓይነት መወሰን አለበት። ኢላስቲክሰርች ሁለት የጽሑፍ ዓይነት አለው። ቴክስት የሚባለው ጽሑፉን በየቃሉ ይሰነጥቀዋል። ኪወርድ የሚባለው እንዳለ ያስቀምጠዋል። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» በቴክስት ፊልድ ሲገባ ሦስት ቃል ይሆናል። ከዚያ አንድን እሴት እንዳለ የሚፈልገው ተርም ኩዌሪ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» የሚለውን ሙሉ ስም ሲፈልግ አያገኘውም፤ እዚያ ያሉት «ንፋስ»፣ «ስልክ» እና «ላፍቶ» ለየብቻቸው ናቸውና። ቦሌ ግን አንድ ቃል ስለሆነ ይገኛል። በቦሌ ብቻ የሞከረ ሰው ሁሉም ነገር እየሠራ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ክፍለ ከተማን፣ ሁኔታንና የቤቱን ዓይነት ኪወርድ ያደረግኩት። ቴክስት የሆነው መግለጫው ብቻ ነው።

የክፍለ ከተማ ስም ከዝርዝር እንዲመረጥ አደረግኩ። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ ስላላት ዝርዝሩ አጭር ነው። በእጅ እንዲጻፍ ከተተወ «ኮልፌ ቀራኒዮ» እና «ኮልፌ ቀራንዮ» ለማጣሪያው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

መግለጫው ላይ ግን ሰው እንደፈለገ ይጽፋል። «ሣር ቤት» እና «ሳር ቤት»፣ «ኃይሌ ጋርመንት» እና «ሀይሌ ጋርመንት»፣ «ዓለም ባንክ» እና «አለም ባንክ»። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ማፒንግ ካራክተር ፊልተር አስገባሁ። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ እያንዳንዱ ከነ ዘሩ። ሲመዘገብም ሲፈለግም ያው ማጣሪያ ስለሚሠራ ፈላጊው በፈለገው ፊደል ቢጽፍ ይገናኛሉ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ማስት ወይስ ፊልተር? የሚመጣው የቤት ብዛት በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ይታያል።

ሆን ብዬ «ቦሌ» እና «ለሚ ኩራ» የሚሉትን ሁለት ተርም ነጥብ በሚቆጠርበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። የለሚ ኩራ ቤቶች ተሰብስበው ከላይ ወጡ፣ የቦሌዎቹ ከታች ቀሩ። ምክንያቱ የነጥቡ አሠራር ነው። የተለመደው ቀመር ቢኤም 25 ይባላል፤ ብርቅ ለሆነ ቃል ብዙ ነጥብ ይሰጣል። በጓደኛዬ መረጃ ለሚ ኩራ ከቦሌ ያነሰ ማስታወቂያ አለው፣ ስለዚህ «ብርቅ» ሆነ። ክፍለ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ነው፣ ብዙ ሰውም ዛሬ ድረስ ሰፈሩን በድሮው ክፍለ ከተማ ይጠራል። ማስታወቂያው ያነሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ደንበኛዋ ግን ለሚ ኩራን አስቀድምልኝ አላለችም።

ፊልተር ውስጥ ሲገቡ ነጥቡ ጠፋ፣ ቅደም ተከተሉም ተስተካከለ። ከዚህ በኋላ የምከተለው ይህ ነው፦ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሆነ መስፈርት ሁሉ ፊልተር ውስጥ ይገባል። ዋጋ፣ መኝታ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀን። «ምን ያህል ይመሳሰላል?» የሚያሰኘው ግን ማስት ውስጥ ይገባል። በእኔ ሥራ ይህ የመግለጫው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ፊልተር ተጠቀም የሚለው ለፍጥነት ነው፤ ካሽ ይደረጋል፣ ማለትም ውጤቱ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል በማለት። እውነት ነው፣ ግን ለትንሽ መረጃ አይደርስም። ኢላስቲክሰርች ሴግመንቱ (የመረጃው አንድ ቁራጭ) ቢያንስ 10000 ዶክዩመንት (መዝገብ) ከሌለው ካሽ አያደርግም። ነጠላ ተርም ኩዌሪ ደግሞ ጭራሹን ካሽ አይደረግም፤ ያለዚያም ፈጣን ነው። ጥቂት ሺህ ቤት ላለው ሰው የፊልተር ትልቁ ጥቅም ደረጃውን አለማበላሸቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ማታ

ሹድ ከአራቱ ክፍሎች ብዙ ሰው የሚያሳስተው ነው። ረጋ ብዬ ልጻፈው።

«ቦሌ ወይ ለሚ ኩራ» ሲባል እጅ ቀድሞ ወደ ሹድ ይሄዳል። «ወይም» ነዋ። ፊልተር ውስጥ «ሁለት መኝታ»፣ ሹድ ውስጥ ቦሌና ለሚ ኩራ ተደርጎ ሲፈለግ ግን የኮልፌውም የአቃቂውም ቤት ይመጣል። ሹድ ለብቻው ሲሆን ቢያንስ አንዱ እንዲሟላ ያስገድዳል። አጠገቡ ማስት ወይም ፊልተር ካለ ግን ግዴታነቱ ይቀርና ምኞት ይሆናል። ሚኒመም ሹድ ማች የሚባለው ቁጥር ካልተጻፈ በመጀመሪያው ጊዜ 1 ነው፣ በሁለተኛው 0።

ታዲያ ቁጥሩን 1 አድርጌ ብጽፈውስ? ለቦሌና ለሚ ኩራ ብቻ ቢሆን ይበቃ ነበር። ግን የቆጣሪው ምኞትም ሹድ ነው። ሦስቱን አንድ ሹድ ውስጥ አድርጌ «ቢያንስ አንድ» ብል፣ ኮልፌ ያለ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ያልፋል። አንዱን አሟልቷላ! ከቦሌ ኮልፌ ድረስ ሄዳ የታክሲውን ብር የምትከፍለው ደንበኛዋ ናት። ይህ ያሳስበኛል።

ስለዚህ እያንዳንዱ «ወይም» የራሱ ቅንፍ ይኑረው። ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍኩት፦

መኝታ = 2 እና (ቦሌ ወይም ለሚ ኩራ) እና ኪራይ ≤ 25000 እና (ምድር ቤት) አይደለም፤ ቆጣሪ ካለው ከፍ ይበል።

ቅንፉ ኮድ ላይ ሲወርድ ፊልተር ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ቡል ነው፤ ውስጡ ሹድ ብቻ ያለው፣ ሚኒመም ሹድ ማች 1 የተጻፈበት። «ወይም» የተባባሉት እሴቶች የአንድ ፊልድ ከሆኑ ከዚህም ይቀላል፤ ተርምስ ኩዌሪ ሊስቱን ይቀበልና ከውስጡ አንዱ ከተገኘ ያሳልፋል። የቆጣሪው ምኞት ብቻ ከውጭ ባለው ሹድ ይቀራል። እሱንም በኮንስታንት ስኮር ጠቅልዬ ቋሚ ነጥብ ሰጠሁት፤ ቆጣሪ ያለው ቤት ብርቅ ሆነ አልሆነ ነጥቡ አንድ እንዲሆን። ነጥባቸው እኩል የሆኑትን በወጡበት ቀን እደረድራለሁ።

ሚኒመም ሹድ ማችን ባያስፈልግም እንኳ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ከወራት በኋላ አንድ ፊልተር ሲጨመር የ«ወይም» ትርጉም በድምፅ አልባ መንገድ እንዲለወጥ አልፈልግም።

ረቡዕ

ዛሬ መረጃውን ሳገላብጥ ዋጋ የሌላቸው ማስታወቂያዎች ብዙ ሆነው አገኘኋቸው። «ኪራይ፦ በድርድር» ይላሉ። ኪራይ የሚለው ፊልድ ባዶ ነው።

በመጠን ገደብ የሚያጣራው ሬንጅ ኩዌሪ ፊልዱ የሌለውን ዶክዩመንት አያውቀውም። «እስከ 25 ሺህ» ስል በድርድር የተባሉት ሁሉ ይወጣሉ። ማስት ኖት ደግሞ በተቃራኒው ነው። «ሁኔታ፦ ተከራይቷል» የሚለውን ሳወጣ፣ ሁኔታው ያልተሞላው ቤት ሁሉ ይቀራል። የሌለ ፊልድ በአዎንታ ማጣሪያ ይወድቃል፣ በአሉታ ማጣሪያ ያልፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ውጤቱ ለምን እንደጎደለ ወይም እንደተረፈ ግራ ይገባዋል።

በድርድር የተባሉት ይምጡ ወይስ አይምጡ? ይህን ኮዱ አይወስነውም። ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ይምጡ፣ ግን ከታች ይሁኑ። ሰው ደውሎ ሊስማማ ይችላል» አለኝ። ስለዚህ የዋጋው መስፈርት ሁለት ክንድ ያለው ቅንፍ ሆነ፦ (ኪራይ ≤ 25000 ወይም ኪራይ የሚባል ፊልድ የለም)። «የለም» የሚለው የሚሠራው ፊልዱ መኖሩን የሚጠይቀውን ኤግዚስትስ ኩዌሪ ማስት ኖት ውስጥ በማድረግ ነው። ከታች እንዲሆኑ ደግሞ ዋጋው የተጻፈላቸውን በውጭው ሹድ ትንሽ ነጥብ ጨመርኩላቸው።

ሁኔታ የሚለውን ፊልድ ግን ማስታወቂያው ሲመዘገብ የግድ እንዲሞላ አደረግኩ። ማጣሪያ ከማወሳሰብ መረጃውን ከምንጩ ማስተካከል ይሻላል።

ሐሙስ

የሳምንቱ ከባድ ጉዳይ ዛሬ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ አይደለም። ገርጂ ያለ አንድ ግቢ እንውሰድ። ከኋላ ባለአንድ መኝታ ሰርቪስ አለ፣ በ9000 ብር። ከፊት ባለሦስት መኝታ ዋና ቤት አለ፣ በ35000 ብር። ሁለቱም ከአንድ ማስታወቂያ ሥር «ክፍሎች» በሚል ሊስት ተቀምጠዋል።

አሁን ሰው «ሦስት መኝታ፣ ከ15 ሺህ እንዳይበልጥ» ብሎ ይፈልጋል። ይህ ግቢ መምጣት የለበትም። ግን ይመጣል። ኢላስቲክሰርች እንዲህ ያለውን ሊስት ሲመዘግብ ይደፈጥጠዋል። መኝታ የሚለው «1፣ 3» ይሆናል፤ ኪራይ የሚለው «9000፣ 35000» ይሆናል። የትኛው መኝታ ከየትኛው ኪራይ ጋር እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። 3 መኝታ አለ? አዎ። ከ15 ሺህ በታች ኪራይ አለ? አዎ። ባለሦስት መኝታው ቤት በሰርቪሱ ዋጋ ተከራየ ማለት ነው።

መፍትሔው «ክፍሎች» የሚለውን ኔስትድ በሚባለው ዓይነት መመዝገብ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ክፍል በሉሲን ውስጥ የተደበቀ የራሱ ዶክዩመንት ይሆናል፣ መኝታውና ኪራዩም አይነጣጠሉም። ነባር ፊልድን ወደ ኔስትድ መለወጥ ስለማይቻል አዲስ ኢንዴክስ (የመረጃ ማከማቻ) ፈጥሬ መረጃውን እንደገና መዘገብኩ።

ይህም ብቻውን አያድንም። ለመኝታው አንድ ኔስትድ ኩዌሪ፣ ለኪራዩ ሌላ ኔስትድ ኩዌሪ ብጽፍ ያው የገርጂው ግቢ ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዋናው ቤት ያሟላል፣ ሁለተኛውን ሰርቪሱ ያሟላል። ስለአንድ ክፍል የሚያወሩ መስፈርቶች ሁሉ በአንድ ኔስትድ ውስጥ፣ በአንድ ቡል ሥር መቀመጥ አለባቸው። ኮዱ እያንዳንዱን መስፈርት ለየብቻው ጠቅልሎ የሚደምር ከሆነ ይህን ያፈርሰዋል። ብዙ አጋዥ ላይብረሪ በዚያ መንገድ ስለሚያስጽፍ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ክልከላውም ቦታ ይመርጣል። «ምድር ቤት እንዳይሆን» የሚለው ማስት ኖት ከኔስትዱ ውጭ ቢሆን «ምድር ቤት ያለበት ሕንፃ ጭራሽ አይምጣ» ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ ቤት ያለው ሕንፃ፣ ምድር ላይም አንድ የሚከራይ ስላለው ብቻ ይወድቃል። ከውስጥ ሲሆን «ምድር ቤት ያልሆነ ክፍል ያለው ይምጣ» ይሆናል። ደንበኛዋ የፈለገችው ይህን ነው። ማስት ኖቱን ከመኝታውና ከኪራዩ ጋር ከውስጥ አስገባሁት። የረቡዕ «በድርድር» ቅንፍም አብሮ ገባ፣ ኪራይ የክፍሉ ነውና።

ቆጣሪስ? ቆጣሪም የክፍሉ ነው። ምኞቱ ኔስትዱ ውስጥ ሹድ ሆኖ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ኔስትዱን እንዳለ ፊልተር ውስጥ ካስቀመጥኩት ውስጡ ያለው ሹድ ነጥቡ ይሞታል። ፊልተር ነጥብ አያወጣም፣ ከሥሩ ያለውም ሁሉ አያወጣም። ስለዚህ ኔስትዱን ማስት ውስጥ አደረግኩ። ከውስጥ የግድ የሆኑትን በፊልተር፣ ምኞቶቹን በሹድ። የነጥብ አወጣጡን ደግሞ ማክስ አልኩት፤ ከግቢው ክፍሎች የተሻለው ነጥብ እንዲወሰድ። ካልተነገረው አማካዩን ይወስዳል።

ኢነር ሂትስ የሚባለውንም ከፈትኩ። የትኛው ክፍል እንደተገኘ አብሮ ይመልሳል። ፈላጊው ግቢውን ሲከፍት የሚያየው የተስማማውን ክፍል ነው፣ የ35 ሺሁን ሳይሆን።

እያንዳንዱን ክፍል ራሱን የቻለ ማስታወቂያ ማድረግም ይቻል ነበር። ኩዌሪው በጣም ይቀላል። ግን ፎቶውና አድራሻው በየክፍሉ ይደጋገማል፣ ባለቤቱ ስልኩን ሲቀይር ሁሉንም ማደስ ይመጣል። ለዚህ ሥራ ኔስትድ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ

የኮዱ ቅርጽ። እያንዳንዱ መስፈርት አንድ አጭር ፈንክሽን (ራሱን የቻለ የኮድ ቁራጭ) ነው። የተመረጠውን ይቀበላል፣ የኩዌሪ ዲክሽነሪ (ስምና እሴት የተጣመሩበት የፓይተን ዝርዝር) ይመልሳል። ምንም ካልተመረጠ ምንም አይመልስም። ዋናው ፈንክሽን ባዶዎቹን ጥሎ የቀሩትን በየክፍላቸው ይሰበስባል። ሁሉም ባዶ ከሆነ ቡሉም ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቡል ደግሞ ሁሉንም ቤት ያመጣል። ምንም ላልመረጠ ሰው ትክክለኛ መልስ ነው።

ተርምስ ግን እንዲህ አይደለም። ባዶ ሊስት የተሰጠው ተርምስ ምንም አያመጣም። ሰው የክፍለ ከተማ ምልክቶቹን ሁሉ ሲያነሳ «የትም ይሁን» ማለቱ ነው፤ ኩዌሪው ግን «የትም አይሁን» ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ሊስቱ ባዶ ሲሆን መስፈርቱ ራሱ መቅረት አለበት።

ሌላው የዜሮ ጉዳይ ነው። ምድር ቤት በመረጃው ላይ ወለል 0 ነው። ስቱዲዮ ደግሞ መኝታ 0። ፓይተን ውስጥ «እሴቱ ካለ» ለማለት በተለምዶ የሚጻፈው አጭር ኢፍ ዜሮን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል። ያኔ «ምድር ቤት እንዳይሆን» የሚለው መስፈርት ምንም ስህተት ሳያሳይ ይወድቃል። ስቱዲዮ የፈለገ ሰውም ቪላ ይመጣለታል። ማወዳደር ያለብን «ምንም የለም» ከሚለው የፓይተን እሴት፣ ከ«ነን» ጋር ነው፦ «ኢዝ ኖት ነን»። ለዚህ ሁለት ቴስት ጻፍኩ፤ አንዱ ለወለል 0፣ አንዱ ለመኝታ 0።

ዓርብ፣ ማታ

መስፈርቶችን በስትሪንግ (በተራ ጽሑፍ) መገጣጠም ይቀላል የሚል ሰው አለ። ኩዌሪ ስትሪንግ የሚባለው ዓይነት «ኤንድ»፣ «ኦር» እና ቅንፍ ስለሚቀበል፣ የሰውየውን ጽሑፍ ወስዶ ማጣበቅ ነው። እኔ አልመክርም፤ ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ የእኛ ሰው «ቦሌ ክ/ከተማ» ብሎ ይጽፋል። በኩዌሪ ስትሪንግ ይህ እዝባር የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የፊደል ቅጥ መፈለጊያ) መክፈቻ ነው። መዝጊያው ሲጠፋ ፍለጋው በስህተት ይቆማል። ሞከርኩት፣ ቆመ። ሁለተኛ፣ «ሀ ኦር ለ ኤንድ ሐ» ተብሎ ያለ ቅንፍ ሲጻፍ የሉሲን ተንታኝ በሒሳብ እንደለመድነው አያነበውም። ለ እና ሐ የግድ ይሆናሉ፣ ሀ ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ማጣሪያዎቹ በዲክሽነሪ ይሠሩ፤ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ቃላቱን ወደሚፈልገው ማች ኩዌሪ ይሂድ። ማች ምልክት አይተረጉምም፣ እዝባሩ ላይ ከፍሎ ያልፋል። አንድ ነገር ብቻ አስተካከልኩ፦ ማች ካልተነገረው በቃላቱ መካከል «ወይም» ያደርጋል። «ውሃ የማይጠፋበት» ያለ ሰው ውሃ የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ይመጣለታል፤ «ውሃ በፈረቃ» የሚለውም ጭምር። ኦፐሬተሩን ወደ «እና» ቀየርኩት።

ቅዳሜ

«ዛሬ የወጡ» የሚል ቁልፍ ተጠየቅኩ። ሬንጅ ኩዌሪ ላይ «አሁን» የሚለውን ወደ ቀን መጀመሪያ ማጠጋጋት ይቻላል። የተጠጋጋ ቀን ለካሽም ይመቻል፤ ያልተጠጋጋ «አሁን» በየቅጽበቱ ይለወጣልና።

ግን የማን ቀን? ኢላስቲክሰርች የሚያውቀው ዩቲሲን፣ ዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ለእሱ አዲስ ቀን የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ዛሬ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የወጡትን ሁሉ ያገኛል። ታይም ዞን የሚለውን +03:00 ብዬ ሬንጁ ውስጥ ጨመርኩ። የቀኑ መጀመሪያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ።

ቅዳሜ፣ ማታ

የተሠራው ኩዌሪ ምን እንደሆነ ለማየት የምወደው መሣሪያ ቫሊዴት ነው። ኤክስፕሌይን ተጨምሮበት ሲጠራ ጄሰኑን ወደ ሉሲን አጻጻፍ ገልብጦ ያሳያል። ለአንድ ቀላል ፍለጋ እንዲህ ያለ መስመር ይወጣል፦

+መግለጫ:ጸጥታ #ክፍለ_ከተማ:ቦሌ -ሁኔታ:ተከራይቷል

የመደመር ምልክት ማስት ነው፣ መሰላሉ ፊልተር ነው፣ ሰረዙ ማስት ኖት ነው። ምንም ምልክት የሌለው ሹድ ነው። ቅንፍ ሲዘጋ አጠገቡ ~1 ካለ «ቢያንስ አንዱ» ማለት ነው። የማክሰኞው ጉዳይ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ~1 የሌለው የ«ወይም» ቅንፍ ካየሁ ወደ ኮዱ እመለሳለሁ።

ሶለር ለሚጠቀም ሰው፦ እዚያ ኤፍኪው የሚባለው ፓራሜትር እንደ ፊልተር ነው። ሲደጋገም «እና» ይሆናል፣ እያንዳንዱም ለብቻው ካሽ ይደረጋል። ስለዚህ ክፍለ ከተማና ዋጋን በሁለት ኤፍኪው መለየት ጥሩ ነው። አሉታ ብቻ ያለበት ቅንፍ ግን እዚያ ምንም አያመጣም። «ሁሉም» ከሚለው ላይ እንዲቀነስ ሆኖ መጻፍ አለበት።

እሑድ

ከክፍለ ከተማው ስም አጠገብ የቤት ብዛት ይታያል። ሰው ቦሌን ሲመርጥ የሌሎቹ ብዛት ዜሮ ከሆነ፣ የካ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ የክፍለ ከተማው ብዛት ሲቆጠር ከክፍለ ከተማው መስፈርት በቀር ሌሎቹ ሁሉ መሥራት አለባቸው። የቤቱ ዓይነት ሲቆጠርም ከዓይነቱ በቀር ሌሎቹ። አንድ ምርጫ ብቻ ሲሆን ፖስት ፊልተር ይበቃል፤ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ውጤቱን ብቻ ያጣራል። ምርጫው ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ቆጠራ የራሱ ፊልተር ያስፈልገዋል።

ለዚህ መስፈርቶቹን ከሊስት ወደ ስም ያለው ዲክሽነሪ አዛወርኳቸው። ከዚያ «ከዚህ በቀር ሁሉም» የሚል አጭር ፈንክሽን ጻፍኩ፤ ስም ይቀበላል፣ ያንን ትቶ የቀሩትን አጣምሮ ይመልሳል።

ይኸው ፈንክሽን ሌላ ነገር ሰጠኝ። ቤት ፈላጊ ውጤት ሲያጣ «ምንም አልተገኘም» የሚል ባዶ ገጽ ማየቱ ይከፋኛል፤ የትኛው መስፈርት እንደከለከለው አይነግረውም። አሁን ውጤቱ ዜሮ ሲሆን ኮዱ መስፈርቶቹን አንድ በአንድ እየተወ ብዛታቸውን ይጠይቃል። መልቲ ሰርች ሁሉንም በአንድ ጥሪ ይልካል፣ ውጤት ዶክዩመንት ስለማይመለስ ቀላል ነው። ኪራዩ ሲተው ቤት ከተገኘ፣ ከተገኙት የትንሹን ኪራይ በሚን ቆጠራ አውጥቶ «ከ28 ሺህ ጀምሮ ቤት አለ» ይለዋል። ክፍለ ከተማው ሲተው ከተገኘ የት የት እንዳለ በስም ይዘረዝራል። ክልከላዎቹን ግን እንዳይነካ አድርጌዋለሁ። እንዳይሆን የተባለ ነገር እንዳይሆን ነው፤ ምድር ቤት የማትፈልግ ሴት ምድር ቤት አትቀርብላትም።

ጓደኛዬ ነገ ጠዋት ለጥቂት ደንበኞች ይከፍተዋል። ቀጥሎ የሚቀረኝ የርቀት ማጣሪያ ነው፤ «ከመገናኛ በእግር የሚደርስ» የሚሉ ብዙ ናቸው።